አልጮህ ያለው ማሞቂያ

ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ የጤና ጣቢያ ማሽን ተበላሽቶ የኔ ስም ያልተነሳበት ቦታ ካለ ንገሩኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ጉራስ ቢሆን? የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስለራሴ እኔ ካልተናገርኩ ማን ሊናገርልኝ ነው?

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በሬዲዮ ጀመርኩ፤ ከሬዲዮ ወደ ወፍጮ ሞተር፣ ከወፍጮ ሞተር ደግሞ መቀስና መርፌ ወደሚቀቀልበት ማሽን ተሻገርኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ "ይጣል" ብሎ የፈረደበትን መቀቀያ በሁለት ቀን አስነሳሁት። ከዚያ ወዲህ የኦክስጅን ማሽን በሉት፣ አክታ መምጠጫ በሉት፣ የጨቅላ ማሞቂያ በሉት፣ በእጄ ያላለፈ የለም። መመሪያው በጀርመንኛ ቢጻፍ በቻይንኛ ለኔ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱንም አላነብም። እኔ የማነበው ማሽኑን ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ቅናት ይይዘዋል ብላችሁ ትገምታላችሁ? እኔም አልገመትኩም ነበር።

ነገሩ የሆነው ካቻምና ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር። ቦታው ከቡታጅራ ብዙ የማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ምክንያቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ ትረዱታላችሁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሱሩር ደወለልኝ።

"ጋሽ ወልዴ፣ አሰላሙ አለይኩም!" ይለኛል ሁልጊዜ። ክርስቲያን መሆኔን ስቶት አይደለም፣ ልማዱ ነው። እኔም "ወአለይኩም ሰላም" እለዋለሁ።

"ከጉብሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊመጡ ነው" አለኝ። "ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ናቸው። ስለ ሕክምና መሣሪያ እዚህ መጥተው ሁለት ቀን ይማራሉ። መምህርታቸው እርስዎም እንዲገኙ ትፈልጋለች።"

"ላስተምር?"

"ብቻ ይምጡ" አለኝ።

ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን "ላስተምር" ያልኩት የራሴ ድምፅ ነው። ፀጉሬን ተስተካከልኩ። ለልጄ ሠርግ ያሰፋሁትን ኮት አወጣሁ። የምናገረውንም ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮ እየተመላለስኩ አጠናሁ፤ ባለቤቴ "ሊድሩህ ነው እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ።

በቀጠሮው ጠዋት የመፍቻ ቦርሳዬን አንግቼ ስደርስ ተማሪዎቹ ከሚኒባስ እየወረዱ ነበር። አሥራ ስድስት ናቸው። መምህርት ሰላም የምትባለዋ አስተማሪያቸው ሠላሳ ዓመት የሞላት አትመስልም። አጠር ያለች፣ ሸራ ጫማ ያደረገች ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ጨዋነቷን አልክድም። ከዚያ ተማሪዎቹን አራት አራት አድርጋ ከፈለቻቸው። በየቡድኑ አንድ የኤሌክትሪክ፣ አንድ የሜካኒካል፣ አንድ የሶፍትዌር፣ አንድ ደግሞ የነርስነት ተማሪ አደረገች።

"የነርስነቷ ተማሪ ደግሞ ከኢንጂነሮች መሃል ምን ትሠራለች?" አልኳት።

"ማሽኑ ለማን እንደተሠራ ታስታውሳቸዋለች" አለችኝ ፈገግ ብላ። ቀጥላም ተማሪዎቹን "ዛሬ መፍቻ የሚነካ ሰው እንዳላይ! ዛሬ ማየትና መጠየቅ ብቻ ነው። ነገ እንፈታለን" አለቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቦርሳዎንም ጥበቃው ጋ ብናስቀምጠውስ? ልጆቹ ካዩት እጃቸውን ይበላቸዋል።"

ቦርሳዬን! አርባ ዓመት ትከሻዬ ላይ የኖረውን ቦርሳ ከአንድ ጀሪካንና ከአንድ የተሰበረ ወንበር ጋር ጥበቃው ቤት አስቀመጡት።

እኔን የት ያስቀመጡኝ ይመስላችኋል? ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ከጠጄ ጎን። ለካ የተጠራሁት ላስተምር አይደለም። መምህርቷ ማሽኑን የሚነኩትን ሰዎች ሁሉ ሰብስባ ተማሪዎቿ በተራ እንዲጠይቋቸው ነው የፈለገችው፤ አዋላጇን፣ ጽዳቷን፣ ጥበቃውን፣ እኔን። ሁላችንም እኩል። ማሽን ይፈታል እንጂ ይወራል እንዴ? ያናደደኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የተጠየቀችው ጠጄ ናት። ሀያት የምትባል የነርስነት ተማሪ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሌሎቹ ሦስቱ ቆመዋል።

"ጠጂዬ፣ አንቺ ይቺን የሕፃን ማሞቂያ ትነኪያታለሽ?" አለቻት።

"እኔ? ኧረ ምን ቆርጦኝ!" አለች ጠጄ እየሳቀች። ከዚያ አሰብ አደረገችና "መንቀልስ እነቅላታለሁ" አለች። "የመብራት ማከፋፈያው ወለሉ ላይ ነው ያለው። ውሃ ሳፈስ እንዳይዘኝ እነቅልና ሲደርቅ መልሼ እሰካለሁ።"

"ረስተሽ ታውቂያለሽ?"

"ድሮ ብረሳም ትጮህብኛለች። ጆሮ ትበጥስ ነበር! አሁን ግን ዝም ብላለች።"

"ለምን ዝም አለች?"

"እኔ ምን አውቄ! አርጅታ ደክሟት ይሆናላ። እኔስ አርጅቼ ዝም ብዬ የለ?"

ሁሉም ሳቁ። ሀያት እየሳቀች ጻፈች። አራቱም ጻፉ። አንዲት መጥረጊያ የያዘች ሴት የተናገረችውን ቃል በቃል!

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልነግራችሁ ይገባል። ያቺ ማሞቂያ ለምን ዝም እንዳለች በዚያ ግቢ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የነበረችው አዋላጅ "ጋሽ ወልዴ፣ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር እየጮኸች እናቶቹን አስበረገገችብን፤ ባክዎ አፏን ይዝጉልን" ብላ ለመነችኝ። እኔም ከፍቼ የአላርሙን ሽቦ ቆረጥኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። "እጅዎ ይባረክ" ተብዬ ተመረቅኩ። አዋላጇ ከዚያ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች፤ የአሁኗ የመጣችው ከሷ በኋላ ነው፤ ጠጄም በዚያ ቀን ሥራ ላይ አልነበረችም።

የሶፍትዌሩ ተማሪ፣ ናቲ ነው የሚሉት፣ ወደኔ ዞረ። "ፋዘር፣ እርስዎ ምክንያቱን ያውቁታል?"

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የጠጄ ቃል ተጽፎ የኔ መቀቀያ፣ የኔ ኦክስጅን ማሽን፣ የኔ አርባ ዓመት ሳይጻፍ ምን ብዬ? ደረቴን ነፋሁ።

"ኢንጂነር እናንተ ናችሁ፤ ፈልጉት" አልኩት።

"ይመችዎት ፋዘር" ብሎ ሳቀ።

ዕቅዴን ልናዘዝላችሁ። ነገ ማሽኑን ይፈታሉ፤ ግራ ይጋባሉ፤ መምህርታቸውም ትቸገራለች። ያኔ እኔ ተነስቼ ቦርሳዬን አስመጣና በአምስት ደቂቃ ሽቦውን አሳያቸዋለሁ። ማን አስተማሪ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል።

የኔ ተራ ሲደርስ ያጠናሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ስለ መቀቀያው ግማሽ ሰዓት ያህል አወራሁ። ናቲ በመሃል "ፋዘር፣ ማሽን ሲበላሽ መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው?" አለኝ።

"እኔ ነኛ!"

"ቤትዎ እያሉ?"

አዋላጇ ሲስተር ዘይነባ ከውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ይህች ሲስተር ዘይነባ የደም ግፊት መለኪያ በተበላሸ ቁጥር "የኛ ኢንጂነር" እያለች የምትደውልልኝ ሴት ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ከመምህርቷ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጣ "ወላሂ፣ ስንት ዓመት ስሠራ በዚህ ማሽን ምን ያስቸግርሻል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም" ስትላት ጆሮዬ ጥልቅ አለ። እኔስ? እኔ ጠይቄያት አላውቅም? ... አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ግን ያን ቀን እሱ አልታየኝም። የታየኝ የመምህርቷ ሸራ ጫማ፣ የተማሪዎቿ ዓይን፣ ዘይነባ ወደሷ የቀረበችበት አቀራረብ ብቻ ነው። ሆዴ ውስጥ እሳት ገባ። ቤቴ ገብቼም እራት አልበላልህ አለኝ።

በነጋታው ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ግቢው ተተራምሷል። ከመስቃን ገጠር የመጣች አንዲት እናት ጎህ ሲቀድ ወልዳ ነበር። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ፣ ጭብጥ የሚያህል ወንድ ነው። ወደ ሆስፒታል ሊላክ አምቡላንስ ተጠርቶለት እስኪመጣ ማሞቂያዋ ላይ አስተኝተውታል። እናትየዋ አጠገቡ አልጋ ላይ ደክማ እንቅልፍ ወስዷታል። አያትየዋ በር ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። በዚህ መሃል ሌላ ምጥ የያዛት ሴት መጣችና ሲስተር ዘይነባ ከመጋረጃው ወዲያ ከሷ ጋር ተያዘች።

ተማሪዎቹ በቀስታ ገቡ። እኔም ተከትያቸው ገባሁ። ሀያት ጓንት አደረገችና የልጁን እግር ነካች። ደግማ ነካች።

"ሲስተር" አለች። "ሲስተር ዘይነባ! እግሩ በረዶ ነው!"

ዘይነባ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ማሞቂያዋ ላይ እጇን ዘረጋች፤ ሙቀት የለም። ብብቱ ሥር ቴርሞሜትር ከተተች። "ሠላሳ አምስት እንኳ አልሞላም፤ ያ አላህ!" አለች። እናትየዋን ቀስቅሳ ደረቷን ገለጠቻት፣ ልጁን ራቁቱን ቆዳ ለቆዳ ደረቷ ላይ አስተኛችው፣ ቆብ አደረገችለት፣ ብርድ ልብስ ደረበችባቸው። "አቅፈሽ ያዢው፤ እንዳታነሺው" አለቻት። እናትየዋ አማርኛዋ ብዙም አይደል፤ ሀያት በጉራጊኛ ደገመችላት።

እኔ የማየው ወለሉን ነው። የማሞቂያዋ ሶኬት ከማከፋፈያው ተነቅሎ ተጋድሟል። ወለሉ ገና አልደረቀም።

ነገሩ ግልጽ ነበር። አዲሷ ምጠኛ ስትገባ ውሃ ፈስሶ ጠጄ ተጠርታለች። እንደ ልማዷ ነቅላ ጠርጋለች። መልሳ ሳትሰካ "ጠጄ፣ ከመጋዘን ጓንት አምጪ!" ተብላ ሮጣለች። ማሞቂያዋም አልጮኸችባትም።

የሜካኒካሉ ተማሪ ሶኬቱን ሰካው። ማሞቂያዋ በራች።

"ማሽኑ ደህና ነው" አለ።

"ደህና አይደለም" አለች መምህርት ሰላም በዝግታ። "ከኤሌክትሪክ ስትላቀቅ መጮህ ነበረባት። ለምን አልጮኸችም?"

የጠበቅኳት ሰዓት መጣች ማለት ነው። ሁሉም ግራ ተጋብተዋል፣ መልሱ እኔ ጋ አለ፤ አሁን ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። መልሱ ግን የገዛ ጥፋቴ ሆኖ አገኘሁት፤ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ምጠኛዋ ታቃስታለች፤ ከወዲህ ያችን ጭብጥ የምታህል ነፍስ ሁላችንም እናያለን። ልጁ ድምፅ አያሰማም። ሩብ ሰዓት ሄደ። ግማሽ ሰዓት። ዘይነባ በየመሃሉ እየመጣች ትለካለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ትመለሳለች።

አቶ ሱሩር ደረሰ። ሶኬቱን ነገሩት። ጓንት ይዛ በሩ ላይ የቆመችውን ጠጄን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አንቺ ነሽ የነቀልሽው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ተጠርቼ ሮጥኩና..."

"ሕፃን ተኝቶበት? ሰው አይደለሽም? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ! ይህ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ ፖሊስ ነው የሚጠይቅሽ!"

እውነቱን ልናገር? ለአንዲት አፍታ ደስ አለኝ። አዎ። ትናንት ቃሏ የተጻፈላት ሴት ዛሬ ስትዋረድ ሳይ አንጀቴ ራሰ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለናንተ ነው የምነግራችሁ። ቅናት እንዲህ አድርጎ ነው ሰውን የሚያራቁተው። ልጁ እዚያ እየቀዘቀዘ፣ ሴትዮዋ እንጀራዋን እያጣች፣ እኔ ውስጤ ፈገግ ብያለሁ።

ጠጄ አለቀሰች። "ትጮህ ነበር! ድሮ ብረሳ ትጮህብኝ ነበር! እውነቴን ነው፣ አትዋሽም በሉኝ!" እያለች ዞር ዞር አለች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

"ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ ማሽን ያውቃሉ" አለችኝ። "በዚህ አገር እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም። እንዳልዋሸሁ ይንገሩልኝ።"

በሁለት ቀን ውስጥ አዋቂነቴን አምኖ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ሆነች። ያን ቃል ከመምህርቷ አፍ ስጠብቅ፣ ከተማሪዎቹ አፍ ስጠብቅ፣ ጠጄ እንባዋን እየጠረገች ሰጠችኝ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

"አትዋሽም" አልኩ። "ትጮህ ነበር። ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

አቶ ሱሩር "ምን አሉ?" አለ።

"እኔ ነኝ አልኩህ። ከሁለት ዓመት በፊት። ትናንትም ተማሪው ሲጠይቀኝ እያወቅኩ ደበቅኩት።"

ናቲ አንገቱን ደፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀልድ ነበር። መምህርት ሰላም አንድ እርምጃ ቀረበችኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ በሷ ቦታ ብሆን እሰድብ ነበር።

"ለምን ቆረጡት ጋሼ?" አለችኝ። የምሯን ነው የጠየቀችው።

ነገርኳት። መብራቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድ፣ በሄደ ቁጥር እንደምትጮህ፣ አንዲት እናት "ልጄን ልትገድል ነው" ብላ ከላይዋ ላይ ነጥቃ እንደሮጠች፣ አዋላጇም እንደለመነችኝ።

"አያችሁ?" አለች ወደ ተማሪዎቿ ዞራ። "ፋብሪካው መብራት የማይጠፋበት አገር ሆኖ ነው የሠራት። ጋሼ የቆረጡት ሰዎቹ ስለተቸገሩ ነው። ችግሩ እውነት ነው፤ መፍትሔው ነው የተሳሳተው።"

የዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያቺ ቃል ናት የከበደችኝ። "መፍትሔው ነው የተሳሳተው።" የኔ መፍትሔ!

በር ላይ ወደተቀመጠችው አያት ሄድኩ። አገራችን ውስጥ ሽማግሌ የሰው ጥፋት ያስታርቃል እንጂ የራሱን ይዞ ሰው ፊት አይወድቅም። እኔ ግን ጎንበስ አልኩ። ጉልበቷን ሳልይዝ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተው፣ የሽበት ሰው ነህ" አለች። "ልጁ ከዳነ አፉ ብያለሁ። ካልዳነም ከአላህ ነው፤ ግን አንተን አላውቅልህም።"

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኮቴ አቧራ ለበሰ። እሷ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፤ እኔ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ እጠራለሁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ከውስጥ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ መጣ። አንዴ። ቀጥሎ ደግሞ በንዴት።

"አለቀሰ!" አለች ሀያት። "ሠላሳ ስድስት ገባ! ጡት እየፈለገ ነው!"

አያትየዋ እልል አላለችም። ፊቷን ሸፈነች። እኔም ሸፈንኩ።

አምቡላንሱ መጥቶ ልጁ በእናቱ ደረት ላይ እንዳለ ተወሰደ። በሦስተኛው ሳምንት ደህና ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አቶ ሱሩር ጠጄን ይቅርታ ጠይቋታል፤ ሥራዋም ላይ ናት። ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ፈቱ። የሶፍትዌሩ "እንዲህ ይሁን" ሲል የኤሌክትሪኩ ይቃወማል፤ ሀያት ሁለቱንም "እናትየዋ ትደነግጣለች!" እያለች ትመልሳቸዋለች። መጨረሻ ላይ የተስማሙት መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ በአዋላጇ ጠረጴዛ ላይ ቀይ መብራት እንዲበራ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ብቻ ማሞቂያዋ እንድትጮህ ነው። ማከፋፈያውም ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ጠጄ ናት ያለችው። የሽቦውን ብየዳ ግን እኔ ሠራሁት፤ የነሱማ ብየዳ የዶሮ ኩስ ይመስላል።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል መምህርት ሰላም ለብቻዬ አነጋገረችኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንዲህ ያደረጉት ስንት ቦታ ነው?"

በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። ጣቶቼ አለቁ።

እንግዲህ ሕይወቴን የለወጠችው ጥያቄ ይህች ናት። አሥራ አንድ ማሽኖች ነበሩ። የኦክስጅን ማሽን አለበት፣ ማሞቂያ አለበት፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ አለበት። ሁሉም ቦታ ተመርቄበታለሁ። በማግሥቱ ቦርሳዬን አንግቼ ወጣሁ፤ በቆሼ በኩል ዞሬ፣ ወልቂጤ ወጥቼ፣ አንዳንዱ ጋ በባጃጅ አንዳንዱ ጋ በእግሬ። በየደረስኩበት መጀመሪያ ወደ ጽዳቷና ወደ አዋላጇ ሄጄ "በዚህ ማሽን ምን ያስቸግርሻል?" እላለሁ። ቀጥዬ ጥፋቴን እናገራለሁ። ከዚያ ነው የምፈታው።

አንባቢዎቼ፣ ተለወጥክ ወይ ብትሉኝ አዎ እላለሁ። ቅናቱስ ለቀቀህ ወይ ብትሉኝ ግን አልዋሽም። መምህርቷ በየመንፈቁ ጉብሬ ድረስ ታስጠራኛለች። አዳዲስ ተማሪዎች ፊት አቁማ "ጋሽ ወልዴ ይንገሯችሁ" ትላለች። እኔም ያን ሁለት ቀን እነግራቸዋለሁ፤ ከሷ የተሻለ እናገራለሁም። ጨርሼ ስቀመጥ ግን ጥያቄያቸውን ይዘው የሚሮጡት ወደሷ ነው። ያኔ ያቺ እሳት ሆዴ ውስጥ ትነሳለች። አሁን ግን አውቃታለሁ። ስትነሳ ራሴን "ወልዴ፣ አሁን ማንን እየደበቅክ ነው? ምንስ እያወቅክ ዝም ብለሃል?" ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም በሙያችሁ የምትኮሩ ካላችሁ፣ መኩራቱን አትተዉት፣ እኔም አልተውኩትም፤ ግን ሌላ ሰው ሲመሰገን ምላሳችሁ ከታሰረ ያሰረው ምን እንደሆነ ፈልጉ። ምናልባት በዚያች ሰዓት አንድ ልጅ እየቀዘቀዘ ይሆናል።

አሥራ አንደኛው ማሽን ከአስፋልቱ ብዙ ገባ ብሎ ያለ ቦታ ነው የነበረው። ሽቦውን ቀጠልኩና ለመሞከር ሶኬቱን ነቀልኩት። ጩኸቱ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ዶሮዎች ተበታተኑ፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ብድግ አሉ፤ አንዲት ወጣት አዋላጅ ጆሮዋን ይዛ ተቆጥታ ወጣች።

"ማነው ይህን ያስጮኸው?"

"እኔ ነኝ" አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያች ቀን ኮርቼ አላውቅም።